ጓደኛሞች ውጭ አገር ሠርተው የሚኖሩበት የጀብዱ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ፤ ሥራው የማይዘለልበት

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ያገለገሉ መጻሕፍት አከራያለሁ፣ እሸጣለሁ። አብዛኛው ደንበኛዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ይመጣሉ። ሰሞኑን አንዲት ተማሪ እንዲህ የሚል ትእዛዝ ሰጠችኝ፦ «ጓደኛሞች ውጭ አገር አብረው የሚኖሩበት፣ የሚሠሩበት፣ ጀብዱ ያለበት፤ ልቅሶ ያልበዛበት።»

መደርደሪያዬ ላይ ስለ ስደት የተጻፈ አልጠፋም። ችግሩ ሁሉም በአንድ መንገድ መሄዳቸው ነው። ደላላ ይመጣል፤ እናት ላሟን ትሸጣለች፤ በረሃ ይቋረጣል፤ ውኃ ያልቃል፤ አንዱ ይሞታል። ከዚያ ዋናው ሰው ይደርሳል። ይደርስና ምዕራፉ ይዘጋል። ቀጣዩ ምዕራፍ «ከሦስት ዓመት በኋላ» ብሎ ይከፈትና ወይ ወርቅ አድርጋ በአውሮፕላን ትመለሳለች፣ ወይ ሬሳው በሣጥን ይመጣል። እኔ የምፈልገው ደራሲው የዘለላቸውን እነዚያን ሦስት ዓመታት ነው። ምን ሠርተው በሉ? ማን ቀጠራቸው? በአንድ ክፍል ስንት ሆነው ያድራሉ? ምግብ የሚያበስለው ማን ነው? የአንዱ ደመወዝ ሲዘገይ ኪራዩን ማን ሸፈነለት? ያን ውለታ ማን ረሳ፣ ማን አልረሳም?

ድንበር ማቋረጥ የአንድ ሌሊት ጀብዱ ነው። ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ሰው ደመወዝ ወሩን ሳይጣሉ መጨረሳቸው ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የእኛ ደራሲዎች ይህን የሚያምኑ አይመስለኝም።

የምታውቁትን ጠቁሙኝ። አማርኛ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ትርጉምም ይሁን። «በጣም አሪፍ መጽሐፍ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሰዎቹ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ንገሩኝ።

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት

የስለላ መጻሕፍትስ? ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው አያቴ ቤት ሞልተዋል። ሰዎቹ ሁልጊዜ ውጭ አገር ናቸው፤ ጀብዱውም ለጉድ ነው።

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ

ማሞ ውድነህን እንዴት እረሳለሁ፣ እሳቸው እኮ እንጀራዬ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሰላዩን የሆቴል ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አስበህ ታውቃለህ? መንግሥቱ ነው። ኪራይ የማያሳስበው ጀግና ለዚህ ክር አይሆንም። ደግሞም ሰላይ ጓደኛ የለውም፤ ቢኖረውም ምዕራፍ 12 ላይ አሳልፎ ይሰጠዋል።

እሑድ በዶራ

አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ቤይሩት ሠርቻለሁ፤ አሁን ባሕር ዳር ነኝ፣ ልጆች አሳድጋለሁ።

ወንድሜ፣ የጠየቁት መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። ታሪኩ ግን አለ፤ ሊጽፈው ለሚፈልግ እነሆ።

ኮንትራት ላይ ያለች ልጅ የምትኖረው በማዳሟ ቤት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ይህ ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕገ ወጥ ናት። ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ አሠሪው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ጥላ ወጥታ በየቤቱ በሰዓት የምትሠራዋ ደግሞ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ቁልፍ አላት፤ ፖሊስ ባየች ቁጥር ግን መንገድ ትቀይራለች። እንግዲህ አንዷ ወረቀት አላት፣ መውጫ የላትም፤ ሌላዋ መውጫ አላት፣ ወረቀት የላትም። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ከሆኑ ልብ ወለዱ ተጀመረ ማለት ነው።

እሑድ ዕረፍት የሚሰጣቸው ልጆች ዶራና ቡርጅ ሐሙድ በሚባሉት የቤይሩት ሰፈሮች ይገናኛሉ። እኛ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የምታድርበት አንዷ ብቻ ናት፤ የቀረነው የምንከፍለው ለእሑድ ነው። ለአንድ ቀን ብሎ የወር ኪራይ ማዋጣት ሞኝነት የሚመስለው ሰው ካለ፣ በሰው ቤት ወጥ ቤት ጥግ ፍራሽ ዘርግቶ አያውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ መሳቅ ይቻላል። ቡና ይፈላል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ዕቁብ ይጣላል። የዕቁብ ሰብሳቢያችን ወረቀት የሌላት ልጅ ነበረች። ልብ በሉ፤ የሁላችን ገንዘብ ያለው በማንኛውም ማክሰኞ ተይዛ ልትባረር በምትችል ሴት እጅ ነው። ለምን እሷን እንደመረጥን ላስረዳ ብል ሌሊቱ አይበቃኝም። ባጭሩ፣ ወረቀት ያለን እኛ የገንዘብ ማስቀመጫ አልነበረንም፤ ሻንጣችንን ማዳሞቹ ይፈትሹት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤይሩት ውስጥ ከፎቅ ላይ ቅርጫት በገመድ ወደ ሱቅ ማውረድ የተለመደ ነው፤ ባለሱቁ ዳቦውንና አትክልቱን ያስገባል፣ ላይ ያለው ሰው ይጎትታል። ከልጆቻችን አንዷ በር እየተቆለፈባት ነበር የምትሠራው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ለመቀበል ቅርጫቱን ስታወርድ፣ ከታች የምታልፍ ጓደኛዋ ከዳቦው ፌስታል ሥር የስልክ ካርድ ታስገባላታለች። ማዳም ዳቦውን ቆጥራ ትቀበላለች፤ ፌስታሉን አታየውም። ገመዱን በምትጎትትበት ጊዜ ካርዱ እንዳይወድቅ ፌስታሉ ከላይ በሁለት ቋጠሮ መታሰር ነበረበት፤ አንድ ቋጠሮ ከሆነ ባለሱቁ ያሰረው ነው፣ ሁለት ከሆነ ውስጡ ነገር አለ ማለት ነው። ከታች የምታልፈዋ ልጅ በዚያች ሰዓት እዚያ ለመገኘት ከራሷ ሥራ ደቂቃ መስረቅ አለባት። ቢያዙ ሁለቱም ሥራቸውን ያጣሉ።

ደራሲዎቻችን በረሃ ውስጥ ጀብዱ ሲፈልጉ ይህን ሁሉ አልፈውት ይሄዳሉ።

የሁለት ልጆች አባት

ጨዋታ ለማበላሸት አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት። እኔ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከዚህ ተነሥቶ በጎንደር በኩል መተማ ለመድረስ አንድ ቀን ይበቃል። ልጆቻችን ጠዋት ለፈተና ወጥተው ማታ ከድንበር የሚደውሉበት ጊዜ ነው፤ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ «ጀብዱ ይጻፍልን» ትላላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ በቴሌቪዥን አይተናል። በዚያው ዓመት መንግሥት ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ መሄድን እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እንኳ ሲወጣ ሠራተኛው 18 ዓመት የሞላው፣ 8ኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ሕጉ ይህን ያህል ሲጨነቅ ደራሲው ጉዞውን እንደ ሽርሽር አሳምሮ ቢጽፈው ደላላውን በነፃ አገለገለ ማለት ነው። እህቴ የጻፈችው ልቤን ነክቶታል፤ ግን እሱ መከራ ነው፣ ጀብዱ አይባልም።

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ

ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ደላላው ላይ ግን አልስማማም። ደላላ ሲናገር ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ሰምቻለሁ። የደላላ ታሪክ ውስጥ ደመወዝ አለ፣ ሥራ የለም። «በወር ይህን ያህል ሪያል» ይላል፤ ስንት ክፍል እንደሚጸዳ፣ ስንት ሸሚዝ እንደሚተኮስ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ አይናገርም። ጓደኛም የለም በታሪኩ ውስጥ፤ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን የከበረች ልጅ ናት ያለችው። እንግዲህ «ከሦስት ዓመት በኋላ» እያሉ የሚዘሉት ደራሲዎች ከማን ጋር እንደሚተባበሩ እርስዎ ይፍረዱ። ሥራውን ከነላቡ፣ ከነሒሳቡ የሚያሳይ መጽሐፍ ልጅዎ እጅ ቢገባ፣ ደላላው ቤትዎ ሲመጣ ልጅዎ የምትጠይቀው ጥያቄ ይኖራታል።

መከራና ጀብዱ ስለመለየቱ፦ በአንድ ሰው ላይ የሚደርስበት ነገር መከራ ነው። ያንኑ ነገር ሁለት ሰዎች ተማክረው ሊያመልጡት ሲሞክሩ ግን እኔ ገጽ መቁጠር አቆማለሁ። የቅርጫቱን ነገር ያነበብሁት ቆሜ ነው።

የሁለት ልጆች አባት

ልጄ ጥያቄ አላጣችም፤ መልስ የሚሰጣት ነው ያጣችው። ቢሆንም ሐሳብዎ ገብቶኛል።

የፎገራ ልጅ

እኔ መጽሐፍ ብዙ አላነብም፣ ወንድሜ ነው ይህን ክር ያሳየኝ። ስለ ሥራ ከተነሣ ግን ልናገር።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሳይነሣ በፊት፣ ከአንድ ጎጥ አራት ሆነን ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ሄደን ነበር። በመተማ ወጥተን፣ ገላባት ገብተን። መንገዱን አልተርክም፤ ሁሉም ሰው የሚያወራው መንገዱን ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ፍሬው የተቋጠረበት ቋት ሳይከፈት መታጨድ አለበት፤ ጥቂት ቀን ካለፈው ቋቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። መሬት ላይ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ ማንም አይለቅመውም። ስለዚህ ታጭዳለህ፣ ታስራለህ፣ ነዶውን ራሱን ወደ ላይ አድርገህ ተደጋግፎ እንዲቆም ትከምረዋለህ፤ ሂላ ይባላል። ሲደርቅ ሸራ ታነጥፍና ነዶውን ገልብጠህ ታራግፈዋለህ። ስትገለብጠው እጅህ ከዘገየ ግማሹ ከሸራው ውጭ ነው፤ የሸራው ባለቤት ደግሞ ቆሞ ያያል።

ውላችን በመሬቱ ስፋት ነበር፣ በቀን አልነበረም። አራታችን አንድ ላይ የተቆረጠልንን መሬት እንጨርሳለን፣ አንድ ላይ እንቀበላለን። መካከል ላይ አንዱ ታመመ። ትኩሳቱ አልለቅ አለው፤ ወባ ነው ብለን ኪኒን ገዛንለት፤ አልተሻለውም፣ ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ በግራ በኩል ማበጥ ጀመረ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው አገር ገብቶ ከተመረመረ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዱ ቢያደርሰው የቀረነው ሁለት ነን፣ ሰሊጡ ደግሞ አይጠብቅም። ካልጨረስን አራታችንም ባዶ እጃችንን ነን፤ ለሕክምናውም ገንዘብ የለም። ብንጨርስ ግን እስከዚያ ይቆያል ወይ?

ሦስታችን በጨረቃ እያጨድን ጨረስን፤ እሱን ደግሞ ቀን ቀን ከሂላው ጥላ ሥር እናስተኛው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠብ ነው ለእኔ ከባዱ። ገንዘቡ ለሦስት ይካፈል ወይስ ለአራት? አንዱ «ለሦስት፤ ኪኒኑንም የገዛነው እኛ ነን» አለ። ያን ያለው የበሽተኛው የእናቱ ልጅ ነው።

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ

ስንት ላይ ተካፈላችሁት?

የፎገራ ልጅ

ለአራት። ግን ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ

ዘግይቼ መጣሁ። ወንድሜ አከራይ፣ የምትፈልገው ዘር እኮ ከዚሁ ከጣና ዳር የበቀለ ነው።

ዐፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። ጣሊያን አገር ናፖሊ አማርኛ እያስተማረ በሚኖርበት ዘመን ነው የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፣ «ጦቢያ» የምንለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው። ደራሲው ራሱ በሰው አገር ደመወዝተኛ ነበር። የታሪኩ መነሻ ምንድን ነው ብትል፣ ዕዳ ነው። ዋሕድ አባቱን ከምርኮ ዋጅቶ ላወጣው ነጋዴ ውለታ ለመመለስ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ፣ ተሽጦ የቀረ ልጅ፣ የሚፈልገው ቤተሰብ። ከመቶ ዓመት በኋላም የምንጽፈው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን ቢያንስ ለምን እንደ ወጣ በቅጡ ነግሮናል።

ሁለተኛ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል የጻፈውን «ራሴላስ» የተባለ ታሪክ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ልዑሉ፣ እህቱ፣ የእህቱ ደንገጡርና ኢምላክ የሚባል አዋቂ ተራራ ሰርስረው ካመለጡ በኋላ ካይሮ ይኖራሉ፤ ደንገጡሯን ዐረቦች ማርከው በወርቅ ትዋጃለች። ኢምላክ ደግሞ በጆንሰን አነጋገር ከዓባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ የተወለደ የጎጃም ሰው ነው፤ ያገርህ ልጅ። ብትቆጣ አልፈርድብህም፤ አራቱም ካይሮ ውስጥ የሚኖሩት ይዘውት በወጡት ጌጣጌጥ ነው። ሥራ የሚባል ነገር አያውቁም።

ልብ ወለድ ያልሆነውን ግን ስማ፤ ለዚህ ክር ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ጎርጎራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተውን ስፔናዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የዓባይን ምንጭ ያየ እየተባለ ነው የሚነሣው። እዚህ ከመድረሱ በፊት የሆነውን ግን ማንም አይተርከውም። እ.ኤ.አ. በ1589 አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ከሚባል ባልደረባው ጋር ከሕንድ ጎዋ ተነሣ። የአርመን ነጋዴ መስለው ነበር። አንዱ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነው፣ ሌላው ሃምሳውን ያለፈ። ዐረቢያ ጠረፍ ላይ ተያዙ፤ በሐድራሞት በረሃ አድርገው ሰንዓ ወሰዷቸው፤ በኋላም ሞካ ላይ በመርከብ መቅዘፊያ ታስረው ቀዘፉ። የተዋጁት እ.ኤ.አ. በ1596 ነው። ሰባት ዓመት ገደማ! ሽማግሌው ቀድሞ በሕንዱ ንጉሥ በአክበር ቤተ መንግሥት ኖሮ ነበርና፣ ስለዚያ የጀመረውን መጽሐፍ እዚያው እስር ቤት ውስጥ ጨረሰው። ወጣቱ ደግሞ ከተፈታ በኋላ ጉዞውን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1603 በምጽዋ በኩል ገባ። ሃይማኖታዊ ተልእኮአቸው አገራችን ውስጥ ያስከተለው ደም መፋሰስ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለታሪክ ክር ልተወው። ሁለት የዕድሜ እኩያ ያልሆኑ ሰዎች በአንድ መቅዘፊያ ታስረው ምን ያወሩ ነበር? የጣና ዳር ደራሲ ይህን ጥያቄ ካልወሰደው ማን ይወስደዋል?

የአባ ጎርጎርዮስንም ነገር ላስታውስ። የአማራ መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ሉዶልፍ ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ አስመጣቸው። እዚያ ተቀምጠው ሉዶልፍ ለሚጽፈው መዝገበ ቃላትና ሰዋስው መልስ ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነበር። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ያሳተመው በ1681 ነው፤ ጓደኛው ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እሳቸው የነገሩትን ሁሉ ይዞ።

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ

መምህር፣ የጌጣጌጦቹን ሰዎች አልቀበልም። መቅዘፊያውን ግን ለሚጽፍ ሰው ወረቀቱን እኔ እገዛለታለሁ።

ገና ጀማሪ

እኔ እየጻፍኩ ነው። እንዳትስቁብኝ። ዱባይ ዴራ ውስጥ የሚኖሩ ሦስት የባሕር ዳር ልጆች ናቸው፤ ትርንጎ፣ መቅደስና ስንታየሁ። አክስቴ እዚያ ስለሠራች የአልጋ ኪራዩን ነገር ከእሷ ነው የሰማሁት። ከሁለተኛው ምዕራፍ ይኸውላችሁ፦

«አልጋው የሁለት ሰው ነበር፤ ሁለቱ ግን አብረው ተኝተውበት አያውቁም። መቅደስ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ንጋት ላይ ስትመለስ፣ ትርንጎ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች። የሚነጋገሩት በዚህች ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዷ ለመተኛት እየቸኮለች፣ ሌላዋ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየቸኮለች። ‹ትራሱን ገልብጬልሻለሁ› ትላለች ትርንጎ ሁልጊዜ። ዛሬ አላለችም። መቅደስ ትራሱን አነሣችው። የኪራዩ ገንዘብ የሚቀመጥበት የሻይ ቆርቆሮ የለም። ትርንጎ ጫማዋን ማሰር ቀጠለች፤ ቀና አላለችም። በዚያች ቅጽበት መቅደስ ጣናን አስታወሰች፤ የማለዳውን ማዕበል፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ጉም፣ ከደሴቶቹ የሚመጣውን የደወል ድምፅ…»

እሑድ በዶራ

እህቴ፣ እስከ «ቀና አላለችም» ድረስ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ጣና መጣ። የኪራይ ገንዘብ የጠፋባት ሴት ጣና ትዝ አይላትም። ትዝ የሚላት ኪራይ ተቀባዩ ነው፤ በር ሲያንኳኳ እንዴት እንደሚያንኳኳ ጭምር።

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት

እውነት ነው፤ ውጭ አገር ያለ ገጸ ባሕርይ በየሦስት ገጹ ጣና ትዝ ካላለው የባሕር ዳር ሰው መሆኑ የማይታወቅ ይመስላቸዋል። እኔ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆኜ ሐይቁን ሳላየው ሳምንት ያልፋል።

የዓባይ ማዶ መጽሐፍ አከራይ

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክር ላይ ጉምና የደወል ድምፅ ክልክል ነው። ልጄ፣ የቀረውን አትንኪው። «ትራሱን ገልብጬልሻለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈች እጅ ትቀጥል።

የደቅ ልጅ

ሐይቁን እንዲህ አታባርሩት። ጣናን እንደ ሥዕል ካስገባችሁት ያስጠላል፤ ሥራ ሆኖ ይግባ። አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል፤ ውኃ ስለሚጠጣ ከየጉዞው በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ማሰር የማያልቅ ሥራ ነው። ትርንጎ ደንገል ስታስር ካደገች እጇ ቋጠሮ ያውቃል። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የአንሶላ እስር ሲፈታባቸው የእሷ የማይፈታ ከሆነ፣ አለቃዋም ይህን ካየ፣ ከመቅደስ ቀድማ ዕድገት ታገኛለች። ጠቡ ከዚያ ይምጣ። ጣና የሚባል ቃል ሳይጠራ ጣና ገባ ማለት ነው።

ገና ጀማሪ

የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ግን መቅደስ ናት፤ ትርንጎ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። ልለዋውጣቸው?

የደቅ ልጅ

ለዋውጫቸው።

እሑድ በዶራ

አትለዋውጪ። የማይፈታውን ቋጠሮ ትርንጎ ለመቅደስ ታስተምራት። ዕድገቱን መቅደስ ታግኝ። ትርንጎ ደግሞ እያየች ዝም ትበል።

የሁለት ልጆች አባት

ልጄ ከጀርባዬ ቆማ ይህን ስታነብ ነበር። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛ፣ የአንድ አልጋ ኪራይ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከደመወዛቸው ለደላላው የሚከፈለው ዕዳ አልቋል ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ አላስተማርኳትም። ጸሐፊዋ መጽሐፉ ውስጥ ብትመልስላት ደስ ይለኛል። አሁንም ርእሱ ላይ «ጀብዱ» የሚል ቃል እንዳይኖር እጠይቃለሁ።

ገና ጀማሪ

የትርንጎ ዕዳ አላለቀም ጋሼ። ያልቃል የተባለበት ወር ካለፈ ቆይቷል። የአልጋውን ዋጋ አክስቴን ጠይቄ በድርሃም እጽፈዋለሁ፤ በየወሩ ነው የሚከፈለው፣ ለዚህ ነው ቆርቆሮው ውስጥ የሦስቱም ገንዘብ የነበረው።

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ

ቆርቆሮውን ትርንጎ ካልወሰደችው ለምን ቀና አላለችም? ይህን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ አንባቢው ቶሎ ማወቅ የለበትም።

የፎገራ ልጅ

የወሰደችው ስንታየሁ ናት። በአንድ ክፍል ሦስት ናቸው ብለሽ ሁለቱን ብቻ አሳየሽን።

ገና ጀማሪ

ስለ ስንታየሁ ገና አንድ ቃል አልጻፍኩም። ማን ነገረህ?